አንዴ ብቻ በሚጠየቅበት አገር

እግሬን ከመንገዱ ይልቅ የጎዳው ጫማው ነው። ሱቅ ውስጥ ልጄ "እስቲ ትንሽ ተራመድበት" ስትለኝ ሁለት እርምጃ ሄድኩና "ልኬ ነው" አልኩ። ልኬ አልነበረም። ሻጩ ልጅ ሦስት ካርቶን አውርዶልኝ ስለነበር አራተኛውን እንዲያወርድ ማስቸገሩ ከብዶኝ ነው። እናም ከሰፈራችን ከአስኮት ቬል ተነስተን ገና ወንዙ ዳር ሳንደርስ ተረከዜ ይለበልበኝ ጀመር። እያነከስኩ ተከተልኳት።

ነገሩ የልጄ ሐሳብ ነው። ከምንኖርበት የመንግሥት ቤት ደጃፍ ተነስተን፣ መኪና ሳንነካ፣ ተራራው ሥር እስካለው ዋርበርተን የሚባል ከተማ ድረስ በእግራችን እንሂድ አለች። መንገዱ ወንዝ ለወንዝ እያለ ሜልቦርንን ያቋርጥና ባቡሩ የሚያልቅበት ሊሊዴል ይደርሳል። ከዚያ ወዲያ ድሮ የባቡር ሐዲድ የነበረ፣ አሁን ብረቱ ተነቅሎ እግረኛና ብስክሌት የሚሄድበት ጥርጊያ አለ። በመኪና የአንድ ጠዋት ጉዳይ ነው። በእግር ግን በየከተማው ማደሪያ እየፈለጉ ቀናት ይፈጃል። ከዋርበርተን በኋላ እኔ በአውቶቡስ ወደ ሥራዬ እመለሳለሁ፤ እሷ ድንኳኗን ተሸክማ ብቻዋን ወደ ተራራው ረጅም መንገድ ትቀጥላለች። ከተራራው ስትወርድ ደግሞ ቤት ሳትገባ ዳርዊን ትበራለች። እዚያ ሥራ አግኝታለች። ዳርዊን እዚሁ አገር ነው ይሉኛል፤ በአውሮፕላን ከአራት ሰዓት በላይ የሚያስኬድ "እዚሁ" ግን እኔ አላውቅም።

ለምን እሺ አልክ የሚለኝ ሰው አልጠፋም። የቤተ ክርስቲያን ወንድሞች "መኪና አለህ፣ ባቡር አለ፣ ምን አጠፋህ?" ብለው ሳቁብኝ። እኔ ከተማ መሃል ባለ የቢሮ ሕንፃ የሌሊት ጥበቃ ነኝ። ልጄ ያደገችው እኔ ስተኛ እሷ ትምህርት ቤት፣ እሷ ስትተኛ እኔ ሺፍት ላይ ሆነን ነው። በር ላይ እንተላለፋለን። እሷ ዩኒፎርሟን ለብሳ ስትወጣ እኔ ዩኒፎርሜን ለብሼ እገባለሁ፤ ግንባሯን እስማትና እተኛለሁ። አሁን ልትሄድብኝ ነው። ዋርበርተን እስክንደርስ ያሉት ቀናት የእኔ ናቸው አልኩ፤ እግሬ ቢቆረጥም እሄዳቸዋለሁ አልኩ። ያን ጊዜ የምናገረው እውነት ይሆናል ብዬ አልጠረጠርኩም።

ባለቤቴ አልመጣችም። የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ስለምትሠራ ቅዳሜና እሑድ እረፍት አታገኝም። በእሷ ፈንታ ስንቅ ላከች፤ በሶ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ደግሞ አንድ ሙሉ ድፎ ዳቦ። ልጄ ሻንጣዬን ልታነሳው ሞክራ መሬት መለሰችውና "አባዬ፣ ውስጡ ሰው አለ እንዴ?" አለች። የእሷ ሻንጣ ድንኳንና መኝታ ከነማብሰያው ይዞ ከእኔ ይቀላል። የጥርስ ብሩሿን እጀታ ሳይቀር ቆርጣዋለች።

መንገድ ላይ ሥርዓት አስተማረችኝ። መንገደኛ ማደሪያ ቤት ሲደርስ ጭቃ ጫማውን በር ላይ ያወልቃል። እርጥብ ነገር አልጋ ላይ አይጥልም። ከኋላው ሌላ መንገደኛ ስለሚመጣ ሾወር ገብቶ ሙቅ ውሃውን አይጨርስም። ባደረበት ቤት እራቱን ይበላል፣ ጠዋት አንሶላውን ራሱ ይገፍፋል፣ ካልሲውንም ወጥ ቤት ውስጥ አያጥብም። "እንዲህ ካላደረግን" አለች፣ "ነገ ለሚመጣው ሰው በሩን ይዘጉበታል።" ደስ አለኝ። ይህማ እናቷና እኔ በልጅነቷ የነገርናት ነው፤ እሷ ግን ከኢንተርኔት እንዳገኘችው ነው የምትነግረኝ። እኔም የእኛን ጨመርኩላት። ባዶ እጅ አይገባም፣ ተቀመጥ ሳይሉ አይቀመጡም፣ የቀረበን ጠርገው አይበሉም። ራሷን ነቀነቀች። አንዱን ሕግ ግን ሳልነግራት ቀረሁ። ሕግ መሆኑንም አላውቅም ነበር፤ እንደ መተንፈስ ነው የምናደርገው።

የመጀመሪያዎቹ ማታዎች በሰላም አለፉ። በየከተማው ሆቴል ተብሎ የተጻፈበት አሮጌ ፎቅ ቤት አለ፤ ታች መጠጥ ቤት ነው፣ ላይ መኝታ ነው። ጌታን ካገኘሁ ጀምሮ መጠጥ ቤት ደጃፍ ቆሜ አላውቅም፤ እርጅናዬ ላይ ከቢራ በርሜል በላይ ተኛሁ። ለቤተ ክርስቲያናችን የጸሎት ቡድን ፎቶ ልልክ ስል፣ የታችኛውን ፎቅ ቆርጬ የላይኛውን ሰገነት ብቻ ላክሁ። "እንዴት ያለ ሰላማዊ ቦታ ነው፣ ጌታ ይባርከው" ብለው መለሱልኝ። ልጄ አንብባ እስክታነባ ሳቀች።

ሳቅ አልጎደለብንም፤ ጉልበት ነው የጎደለኝ። ሌሊት መቆም የለመደ ሰው ቀን መሄድ ይችላል ብዬ ነበር። ቁም ነገሩ ግን ሌላ ነው። ዘበኛ የሚደክመው ዓይኑ ነው፤ መንገደኛ የሚደክመው ከወገቡ በታች ያለው ሁሉ ነው። ማታ ማታ አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብዬ፣ ካልሲዬን ለማውለቅ ወኔ እስካገኝ ድረስ ግድግዳ አያለሁ። ተረከዜ ተልጦ ቀይ ሥጋ ሆኗል። ጉልበቴ ደረጃ ስወርድ እንደ አሮጌ በር ይጮሃል። ልጄ "ደህና ነህ?" ስትለኝ "በጣም ደህና" እላለሁ።

ከሊሊዴል ካለፍን በኋላ ባለው ጥርጊያ ላይ ዝናብ ያዘን። ቀኑን ሙሉ አላቋረጠም። የምናድርባት ከተማ ስንደርስ፣ ከተማ ማለት አንድ ሱቅ፣ አንድ ነዳጅ ማደያና አንድ ሆቴል ማለት ነው፣ የሆቴሉ በር ላይ ወረቀት ተለጥፏል። የውሃ ቧንቧ ፈንድቶ መኝታ ክፍሎቹ ተዘግተዋል። ልጄ ቡክ አድርጋ ነበር፤ መልእክትም ልከውላት ነበር፤ የእሷ ስልክ ግን ከጠዋት ጀምሮ ባትሪ ጨርሷል። "አታስብ፣ አንድ ነገር አገኛለሁ" አለችኝና ስልኳን ቻርጅ ለማድረግና ለመደወል ሱቁ ውስጥ ገባች። እኔ ከሱቁ ውጭ በረንዳው ሥር ካለው አግዳሚ ላይ ተዘረፈጥኩ። ውሃ ከባርኔጣዬ አፍንጫዬ ላይ ይንጠባጠባል።

አንዲት ሰባ ዓመት ያለፋቸው የሚመስሉ ሴትዮ የጎማ ቦት ጫማ አድርገው የዶሮ መኖ ጆንያ ከሱቁ ያወጣሉ። ተነስቼ አገዝኳቸው፤ ጆንያውን መኪናቸው ላይ ጫንኩላቸው። እግሬን አዩት። ሻንጣውን አዩት። የሆቴሉን በር አዩት።

"የምታድሩበት አላችሁ?" አሉኝ በእንግሊዝኛ። "ጓሮዬ ያለው ክፍል ባዶ ነው። ሁለት አልጋ አለው፣ ማሞቂያ አለው። ብትመጡ ደስ ይለኛል።"

አቤቱ አምላኬ፣ ልቤ እንዴት ዘለለች! ማሞቂያ! አፌ ግን ልቤን አልጠበቀም።

"አይ፣ አይ፣ አመሰግናለሁ፣ አንቸገርም፤ ደህና ነን" አልኩ፣ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ፣ አንገቴን ሰበር አድርጌ። አሁን "ኧረ ምን ችግር አለው" ይላሉ። እኔ "እንዴት ተደርጎ፣ አናስቸግርዎትም" እላለሁ። እሳቸው "በሞቴ" ይላሉ፣ ወይም የእንግሊዝኛውን በሞቴ። ያኔ እኔ እየተግደረደርኩ እነሳለሁ። መልሱን አዘጋጅቼ ፈገግ ብዬ ቆምኩ።

"እሺ እንግዲህ፣ መልካም ጉዞ" አሉና መኪናቸውን አስነስተው ሄዱ።

ክው አልኩ። የመኪናቸው የኋላ መብራት መታጠፊያው ላይ እስኪጠፋ ድረስ እጄ ደረቴ ላይ ነበር። ከዚያ በኋላ እጄን አወዛወዝኩ፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው። ምላሴን በቆረጠው!

ልጄ ተስፋ ቆርጣ ወጣች። በአካባቢው አንድም አልጋ የለም፣ አውቶቡሱም አልፏል። "ማን ነበረች ያቺ ሴትዮ?" አለችኝ። ነገርኳት። ዝናቡ ሥር ቆማ ያልኩትን ደገመችልኝ።

"ማሞቂያ ያለው ክፍል ልስጣችሁ አለችህ።"

"አዎ።"

"አንተ እምቢ አልክ።"

"እምቢ አላልኩም፤ አይ አልኩ።"

"ዳድ፣ ለምን?"

"እንድትደግመው ነዋ!"

መሳቅም ማልቀስም አቃታት። እኔም እንደዚያው።

ያደርነው የከተማዋ መጫወቻ ሜዳ አጠገብ ካለ ጣሪያ ያለው በረንዳ ሥር ነው። ድንኳኗ የአንድ ሰው ናት፤ ለእሷ ተከልናት። እኔ አግዳሚው ላይ የምግብ ከረጢቱን ተንተርሼ፣ የነበረንን ልብስ ሁሉ ደርቤ ተጋደምኩ። ለእረፍት የወጣሁ ሰው ተመልሼ ጥበቃ ገባሁ። ልጄ ድንኳኑ ውስጥ ስትስል እሰማታለሁ። እያንዳንዷ ሳል የእኔ ጥፋት ናት እያልኩ፣ ጌታ ሆይ እኔን ቅጣኝ እሷን አሙቃት እያልኩ፣ አነጋሁት።

ሲነጋ ውሻ መጥቶ ፊቴን አሸተተኝ። ከውሻው ኋላ ሴትዮዋ ቆመዋል። መጀመሪያ እኔን፣ ከዚያ ድንኳኑን አዩ። ፊታቸው ቀላ።

"ደህና ነን አልከኝ እኮ!" አሉ። ተቆጥተው ነው። "ማደሪያ አላችሁ ብዬ ነው ጥያችሁ የሄድኩት። አሁን እኔ ምን ዓይነት ሰው ሆንኩ?"

ይቅርታ ልጠይቅ ወይስ ልውቀስ ግራ ገባኝ። ልጄ ከድንኳኑ ብቅ ብላ፣ ድምፅዋ ዘግቶ፣ "ባህላችን ነው፤ ሁለቴ ካልተጠየቀ እሺ አይልም" አለቻቸው። ሴትዮዋ ውሻቸውን አዩት፣ እሱ እንኳ ይህን ያውቅ እንደሆነ የሚጠይቁት መሰለኝ። ከዚያ "ተነሱ! ወደ ቤቴ!" አሉ። ግብዣ አልነበረም፤ ትእዛዝ ነበር። ትእዛዝ እንዴት ያለ ጥሩ ነገር ነው፤ እምቢ የሚባልበት በር የለውም።

ቤታቸው ምድጃው ይነድ ነበር። ጫማችንን በር ላይ አወለቅን። ልጄ ሾወር ገብታ ቶሎ ወጣች፣ ሙቅ ውሃውን ለእኔ አስተረፈችልኝ። ሴትዮዋ መጥበሻ አንስተው ወደ እኔ ዞር አሉና "እንቁላል ት..." ከማለታቸው "አዎ!" አልኩ። እንደ ተማሪ ነው የጮህኩት። ልጄን ሻይዋ ትን አላት።

ስንበላ ሴትዮዋ አንድ ነገር ነገሩኝ። ትናንት ማታ መኪናቸው ውስጥ ሆነው ተመልሰው ልጠይቀው ወይ ብለው ነበር። "ግን ሁለተኛ ብጠይቅህ ምን ማለት ነው? ቃልህን አላመንኩትም ማለት ነው። አንድ ትልቅ ሰው አያስፈልገኝም ካለ፣ ያስፈልግሃል ብሎ መሟገት ስድብ ነው።" እኔም በእኛ ዘንድ ሁለተኛ ያልጠየቀ ሰው መጀመሪያውንም ከልቡ አልነበረም እንደምንል ነገርኳቸው። ሹካቸውን አስቀምጠው አሰቡበት። "ታዲያ በእናንተ አገር ሰው ጨርሶ የማይፈልግ ሲሆን ምን ይላል?" አሉኝ። የማንፈልገውን ሁሉ ስንበላ ነው የኖርነው።

ዝናቡ አባራ። ለተረከዜ ፋሻ ሰጡኝ፤ ጫማዬን አይተው "ይህ ያንተ ልክ አይደለም" አሉ፣ በአንድ እይታ። ከሟች ባላቸው የቀረ ሰፊ ሸራ ጫማ አመጡልኝ። አፌን ሊከፍት የነበረውን "አይ" ውጬ አመሰገንኩ። ልጄ ዕቃ አጠበች፣ ፎጣዎቹን ሰብስባ መታጠቢያው ውስጥ ከተተች። ገንዘብ አልቀበልም አሉ። እኔ የባለቤቴን ዳቦ ቆሎ ከረጢት አወጣሁ። "ኦ፣ ጥሩ ነው!" ብለው ወዲያው ተቀበሉኝና አንድ ጭብጥ አፋቸው ውስጥ ጨመሩ። ለምን ተቸገራችሁ የለ፣ ለመንገዳችሁ ይሁናችሁ የለ። ደንግጬ ነበር፤ ግን ሲቆረጥሙ ሳያቸው ደስ አለኝ።

ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ በሰፊ ጫማ ስለሆነ ይሁን፣ ስለሳቅን ይሁን፣ ከቀናቱ ሁሉ ያ ቀን ይሻላል። ልጄ ታሰለጥነኝ ጀመር። "አባዬ፣ ውሃ?" "አዎ!" "አባዬ፣ እንረፍ?" "አዎ!" "ሻንጣህን ልያዝልህ?" "አ..." እዚህ ላይ አቃተኝ፤ ልጅ አባቷን ተሸክማ ትሂድ እንዴ! ዝም ብላ ድፎ ዳቦውን ከሻንጣዬ ወሰደች።

አንድ ድልድይ ላይ ቆመን ስንበላ፣ እሷ ልጅ ሆና፣ እኔ ቀን ቀን ስተኛ፣ ከእናቷ ጋር ቤት ውስጥ በካልሲ ይሄዱ እንደነበር ነገረችኝ። እናቷና እሷ በምልክት ያወሩ ነበር። ካርቱን ያለ ድምፅ ታይ ነበር። "እንዳትነቃ ነዋ፣ ደክሞህ ስለሚሆን" አለች፣ እንደ ቀላል ነገር፣ ዳቦዋን እያኘከች። እኔ እስከዛሬ ቤታችን ጸጥ ያለ ቤት ነው እያልኩ ለሰው አወራ ነበር።

ዋርበርተን ስንደርስ ጨለምለም ብሎ ነበር። ከወንዙ ዳር ሁለት አልጋ ያለው ክፍል አግኝተናል። እራት ላይ፣ ዓሣና ድንች ጥብስ ይዘን ቁጭ ብለን፣ የነገውን መለያየት እንዳናነሳ ስለ ዓሣው እናወራለን። ልጄ የድንች ጥብሱን ወደ እኔ ገፋ አደረገችና በአማርኛ፣ ረጋ ብላ፣ "አባዬ፣ ለምን አብረን አንቀጥልም? ከፈለግህ እኮ ከእኔ ጋር መምጣት ትችላለህ" አለችኝ።

"እሺ!" አልኩ።

ወዲያው ነው ያልኩት። ትምህርቴን ተምሬያለሁ፤ አንዴ ከተጠየቅኩ አንዴ ነው። ጉልበቴም እግሬም ሥራዬም ጠፋኝ። ለአለቃዬ ደውዬ ተጨማሪ እረፍት እጠይቃለሁ፣ ልጄ ጫካ ውስጥ ብቻዋን አታድርም፣ ሌላ ስንት ቀን ከእሷ ጋር አገኛለሁ። "እሺ፣ እመጣለሁ!" ብዬ ደገምኩላት።

ልጄ ፈገግ አለች። ፈገግታው ግን ከከንፈሯ አላለፈም። "አሪፍ ነው" አለች፣ "አሪፍ።" ከዚያ ስልኳን አነሳች። ሁለተኛ ድንኳን ከየት እንደሚከራይ፣ ምግቡ ለሁለት ሰው እንደማይበቃ፣ ቀን ቀን የሚሄደው መንገድ እንዲያጥር የት የት ማደር እንዳለብን ታሰላ ጀመር። ክፍላችን ገብተን አልጋዬ ላይ ስወድቅ እሷ ወለሉ ላይ ሻንጣዋን ዘርግፋ፣ የእኔን ዕቃ ለማስገባት የራሷን ታወጣለች። ልታነበው የያዘችውን መጽሐፍ አወጣች። ወጥታ ሰገነቱ ላይ ለጓደኛዋ ስትደውል ሰማኋት። "አዎ፣ አባቴ ሊመጣ ነው... የለም የለም፣ ችግር የለውም... ችግር የለውም አልኩሽ እኮ።"

ያን ድምፅ አውቀዋለሁ። እኔ ነኝ እንዲህ የምለው። በበዓል ቀን ሺፍት ሲጠሩኝ፣ ጫማ ሲጠበኝ፣ ዝናብ ሲመታኝ፣ በዚሁ ድምፅ ነው ችግር የለውም የምለው።

ቤታችን ውስጥ ማዕድ ላይ ሆነን ሰው ሲመጣ እንብላ እንላለን። የመጣው ሰው ብሉ፣ ይባረክ ብሎ ያልፋል። እውነት ይቀመጣል ብሎ እንብላ የሚል የለም፤ ክብር ነው፣ አልተረሳህም ለማለት ነው። ልጄን ይህን ያስተማራት እናቷ ናት፣ ገና አፏን ስትፈታ። ልጄም እራት ላይ አብረን እንቀጥል ስትል እንብላ ማለቷ ነበር። እኔ አባቷ እጄን ታጥቤ ቁጭ አልኩ። እሷ በአማርኛ ስትጠይቀኝ እኔ በፈረንጅ ደንብ መለስኩላት።

አፈርኩ፣ ተናደድኩ፣ አዘንኩ፤ ሁሉም ባንድ ላይ። ብቻዋን መሄድ ነው የምትፈልገው። ይህን መንገድ ስንት ጊዜ ስታጠናው አይቻለሁ። ሃያ ዓመት በካልሲ ለሄደች ልጅ፣ አንዴ እንኳ ማንም እንዳይነቃ ሳትጨነቅ መሬት የምትረግጥበት መንገድ ነው። እንዴት ብዬ ልቀማት? ተመልሳ ስትገባ የተኛሁ መሰልኩ።

ጠዋት ከአልጋዬ ስነሳ "ጉልበቴ እምቢ አለኝ" አልኳት። ውሸትም አልነበረም። "አንቺ ሂጂ፤ እኔ በአውቶቡስ እመለሳለሁ።"

"እርግጠኛ ነህ?"

"እርግጠኛ ነኝ።"

ትንፋሿን ስታወጣ ትከሻዋ ወረደ። "እሺ፣ አባዬ" አለች። አልደገመችም። ትክክል ነበረች፤ ያም ሆኖ አመመኝ።

አንሶላችንን ገፈፍን፣ ቁልፉን መለስን። የአውቶቡሱ ፌርማታ ድረስ ሸኘችኝ፤ የእሷ መንገድ ከዚያው አጠገብ ወደ ተራራው ይወጣል። ጸለይኩላት። እሷ ዓይኗን እንደማትጨፍን አውቃለሁ፤ ግን አንገቷን ደፋች። አቀፍኳት። ጥቂት ሄደችና ዞር አለች።

"አባዬ፣ ከተራራው ስወርድ ቲኬቴን ቀይሬ አንድ ሳምንት ቤት ብቆይስ? ኦፍ የምትሆንበትን ሳምንት?"

"አይ ልጄ፣ ምን አስቸገረሽ፤ ሥራሽ ይቅደም" አልኩ።

"እሺ" አለች፤ ሄደች።

አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። የአውቶቡሱን ሰሌዳ አየሁ። ሰው መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ፣ ሰላም ተባባልን። አፌ ያለውን ጆሮዬ የሰማው ያኔ ነው። ምን አልኳት? አንድ ሳምንት፤ እኔ ነቅቼ፣ እሷ ጫማዋን አድርጋ የምትንጎራደድበት አንድ ሳምንት። እሷ ጠየቀችኝ፤ ይህ እንብላ አልነበረም፤ ዞር ብላ ነው የጠየቀችኝ። እኔም አይ ብዬ ሸኘኋት!

ሻንጣዬን ለማላውቀው ሰው ጥዬ ተነሳሁ። ዳገቱ ገና ከጅምሩ ቀጥ ያለ ነው። በሟች ጫማ፣ በአንድ እግሬ እየተጎተትኩ፣ ስሟን እየጠራሁ ወጣሁ። አንድ ብስክሌተኛ "አንተ፣ ደህና ነህ?" አለኝ። "አይደለሁም!" አልኩት፣ ቆሜም አላወራሁት። ሁለተኛው መታጠፊያ ላይ የሻንጣዋን ቀይ ሽፋን አየሁ።

ሮጣ ወረደች። "ምን ሆንክ? ምን ሆንክ አባዬ?"

ትንፋሽ አጠረኝ። የዛፍ ግንድ ይዤ ቆምኩ።

"ነይ" አልኳት። "ሳምንቱን ነይ። አትቸገሪ ያልኩት ውሸቴን ነው። ተቸገሪ። እፈልገዋለሁ። እንድትመጪ በጣም ነው የምፈልገው።"

ይህን ዓይነት ነገር ለእሷ ቀርቶ ለእናቷም በቀጥታ ተናግሬ አላውቅም። ፊቴ በላብ ይሁን በእንባ ረጥቧል። የልጄም ዓይን ሞላ።

"ታዲያ ለምን..."

"አላውቅም። አፌ ነው።"

"እኔም ማታ..." አለችና አቆመች።

"ገብቶኛል።"

"መምጣትህን ጠልቼ አይደለም እኮ፤ ግን..."

"ብቻሽን መሄድ ትፈልጊያለሽ?"

ወደ መሬት አየች። ከእናቷ የወረሰችው፣ ከእኔ የወረሰችው ሁሉ ጉሮሮዋ ላይ ሲታገል አየሁት። "አዎ" አለች በመጨረሻ፣ በቀስታ። "በጣም።"

"ሂጂ፣ ልጄ" አልኳት። "ጨርሰሽው ነይ።"

"እመጣለሁ" አለች። ጉንጬን ሳመችኝ። "አሁን ቁጭ በል፣ እባክህ፤ ጉልበትህ።" ወደ ላይ ወጣች። ድንጋዩ ላይ ቦቷ ሲረግጥ ኳ ኳ ይላል፤ ድምፁ እስኪጠፋ ድረስ ተቀምጬ አዳመጥኩት።